የተሳሳተ ዝላይ

«ዜሮ ቀን» አለ ስክሪኑ።

ኮምፒውተር ላብ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። የስፖርት መምህሩ የመረብ ኳስ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ወስደው ሳይመልሱ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ መጽሐፉን ሜዳ ላይ እንደ ማራገቢያ ሲጠቀሙበት በየቀኑ ይታያሉ። የኮምፒውተር ክበቡ ፕሮግራም ግን መጽሐፉ የዘገየው ዜሮ ቀን ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። የክበቡ ሊቀመንበር ነው፤ በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ናት። ገና አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲናገር ግን ሁልጊዜ ሦስት አጀንዳ የቀረው ይመስላል።

«ድጋሚ አስኪጂው» አለ።

ሰረዝ ድጋሚ አስኬደችው። ዜሮ ቀን።

ሰረዝ ያሏት የሒሳብ መምህሩ ናቸው፤ በጣም ከመቅጠኗ የተነሳ ወደ ጎን ስትዞር ቀሪ ብለው ይመዘግቧታል። ክበቡ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር የሚግባባ ማን ነው ቢባል ሁሉም ወደ እሷ ያያል፤ እሷም እንደሚያዩዋት ታውቃለች።

«ይሄ ክፍል የማን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ፣ የማን እንደሆነ እያወቀ።

«የኔ ነው» አለች ጉንዳን ከኋላ ወንበር። ጉንዳን ትንሽ ናት፤ ቀስ እያለች፣ ሳታቋርጥ ነው የምትሠራው። ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። «ግን ጨርሼዋለሁ። ይሠራ ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ፋይሉን ከፈተው። መጽሐፍ ስንት ቀን እንደዘገየ የሚያሰላው የጉንዳን ፈንክሽን ሦስት መስመር ብቻ ነበር። አንዱ መስመር ለጊዜው ዜሮ መልስ ይላል፤ ከሥሩ ጉንዳን ራሷ «በኋላ ይጻፋል» የሚል ማስታወሻ ትታለች። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ፋይሉ መጨረሻ የተነካው ደግሞ የዛሬ አስራ ሦስት ቀን፣ ሐሙስ ዕለት እንደሆነ ከጎኑ ተጽፏል።

«አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ እዚያ ተቀምጠሽ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለ። «ሹራብ?»

አሁን የሳቁት ጥቂቶች ናቸው።

«እኔ ማሽን ላይ ይኖራል…»

«ማሽን ላይ ምንም አይቀመጥም። ሁሉም ነገር ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ደግሞ ይኸው።»

«አልዋሸሁም።»

«ማንም ዋሸሽ አላለም» አለ ሊቀመንበሩ፣ መዋሸቷን ባረጋገጠ ሰው ድምፅ።

ጉንዳን ወደ ሰረዝ አየች። ሰረዝ ኪቦርዱን አየች። ኪቦርዱ ላይ የሚታይ አዲስ ነገር አልነበረም። ጉንዳን ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ወጣች፤ በሩን እንኳ አላላተመችውም። ብታላትመው ይሻል ነበር።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅዳሜ ለኮምፒውተር ውድድሩ የሚሄዱት ሦስት ናቸው። የጉንዳንን ቦታ በሌላ እንተካለን። የእሷን ክፍል ሰረዝ ትጽፈዋለች። ነገ በምሳ ሰዓት እንደተለመደው መጠባበቂያ ቅጂውን አድሳለሁ፤ እስከዚያ እንዲያልቅ። ጥያቄ አለ?»

ጥያቄ አልነበረም።

ሁሉም ሲወጡ ላብ ውስጥ የቀሩት ሰረዝና የላብ ኃላፊዋ ብቻ ናቸው። ኃላፊዋን ተማሪዎች እትዬ ቁልፍ ይሏቸዋል። ሰባት ቁልፍ አንገታቸው ላይ ስላለ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። የገባ ሁሉ ቀን፣ ስም፣ የማሽን ቁጥርና የሠራውን ሥራ ይጽፍበታል፤ በእስክሪብቶ። በእርሳስ የጻፈ አልገባም ተብሎ ይቆጠራል። ከመዝገቡ በላይ ግድግዳው ላይ፣ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ያለፈቃድ የጫነ፣ የነቀለ፣ የቀየረ ተርሙን ሙሉ ላብ አይገባም።» በዚህ ተርም መጀመሪያ አንድ ልጅ ጌም ጭኖ ተገኘ። እትዬ ቁልፍ አልተቆጡትም። በሩን ከፍተው ያዙለትና እስኪወጣ ጠበቁት። ልጁ እስከ ዛሬ በመስኮት ነው የሚያየው።

ሰረዝ የጉንዳንን ፈንክሽን መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ ግን የራሷ ክፍል ቀኑን በምን መልክ እንደሚያስቀምጠው ማየት አስፈለጋት። የራሷ ፈንክሽን ስም ላይ ቆማ ኤፍ 12ን ተጫነች። ይህን ቁልፍ የክበቡ ልጆች «ዝላይ» ይሉታል። አንድ ስም ላይ ሆነህ ስትጫነው፣ ኮዱ የሚጻፍበት ኤዲተር ያ ስም ወደተጻፈበት ቦታ ራሱ ይወስድሃል፤ ፋይል በፋይል እየከፈቱ መፈለግ የለም። ጉንዳንን ያስተማረቻትም ሰረዝ ናት። «ፋይል እየቆፈርሽ ጊዜሽን አትጨርሺ» ብላታለች። «ዝለይ።»

ዝላዩ አደረሳት። ፈንክሽኑ አናት ላይ እንዲህ የሚል ማስታወሻ አለ፦ «ሊቀመንበሩ እዚህ ድረስ ካነበበ ተአምር ነው።»

ሰረዝ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። ይህን ማስታወሻ በገዛ እጇ አጥፍታዋለች። አርብ ዕለት፣ ሊቀመንበሩ ሁሉንም ኮድ መስመር በመስመር አነባለሁ ብሎ ሲያስፈራራ።

ሴቭ ሳላደርገው ቀርቼ ይሆናል ብላ ፋይሉን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጋ ከፈተችው። ማስታወሻው የለም። ተመልሳ ዘለለች። ማስታወሻው አለ። የፋይሉ ስም ያው ነው፤ ውስጡ ግን ሁለት ዓይነት ነው።

ኤዲተሩ ለዝላዩ የሚጠቀምበት ማውጫ አለው፤ የትኛው ስም የት እንደሚገኝ የሚመዘግብበት። ማውጫው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ አጠፋችውና እንደ አዲስ አሠራችው። ማስታወሻው አለ። ኤዲተሩን ዘግታ ከፈተች። አለ። ማሽኑን አጥፍታ አበራች። ስክሪኑ እስኪበራ ድረስ ጥፍሯን በላች። ማስታወሻው እንደ አለቃ ተቀምጦ ጠበቃት።

በመጨረሻ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ሰሞኑን የተተካው አሮጌው ኤዲተር አድራሻውን ሁልጊዜ ከላይ ያሳይ ነበር፤ አዲሱ ለውበት ብሎ ደብቆታል። አድራሻው ሲወጣ መሀሉ ላይ አንድ ቃል አየች። «መጠባበቂያ።»

የክበቡ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፎልደሮች አሉ። አንዱ «ዋናው» ነው፤ ሥራ የሚሠራበት። ሌላው «መጠባበቂያ» ነው፤ ሊቀመንበሩ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ አሮጌውን ቅጂ ሰርዞ አዲስ የሚያስቀምጥበት። አሮጌው ኤዲተር የሚፈልገው አንተ ያለህበት ፎልደር ውስጥ ብቻ ነበር። አዲሱ ሁሉም ቦታ ይፈልጋል። አንድ ስም ሁለት ቦታ ካገኘም አይጠይቅም፤ በፊደል ተራ የቀደመውን ይወስዳል። «መ» ደግሞ ከ«ዋ» ይቀድማል። ነገሩ ይኸው ነው።

የጉንዳንን ፈንክሽን ስም ጻፈችና ዘለለች።

አርባ ሰባት መስመር። ንጹሕ፣ እኩል እኩል የተደረደረ። አንዱ ቦታ ላይ ጉንዳን ለራሷ «የወሩን መጨረሻ እንዳትረሺ» ብላለች፤ ሌላው ጋ «ይሄን ሰረዝን ጠይቂያት»፤ ከሥሩ ደግሞ «አገኘሁት፣ ሳልጠይቅ»። ሰረዝ ፋይሉን ብቻውን አስኬደችው፤ ጉንዳንም እየዘለለች እዚህ ስትጽፍ፣ ስትሞክረው የነበረው እንደዚያው ነው።

«ስልሳ አንድ ቀን» አለ ስክሪኑ።

ሰረዝ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ፊደሎቹ አረንጓዴ። ሁሉም የጀመረው ከዚህ ነው። አሮጌው ኤዲተር ነጭ ብቻ ነበር። አዲሱ ጥቁር መደብ አለው፤ አጠገቡ ሲቀመጡ ትልቅ ሰው ያስመስላል። የዛሬ አስራ ሁለት ቀን አርብ፣ እትዬ ቁልፍ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ለእሷ ብቻ ሰጧት። «ለፕሪንተሩ ብቻ ነው፣ ልጄ» ብለው። ፕሪንተሩን አስተካከለች። ከዚያ እጇ አላርፍ አላት። ኤዲተሩ የሚነሳው ከሰርቨሩ ስለሆነ አንዱን አፕዴት ስታደርግ አስራ ሁለቱም ማሽን ጠቆረ። ሰኞ ልጆቹ ገብተው «ዋው» አሉ። ሊቀመንበሩ ነገሩን መርምሮ «ራሱ ነው ያደሰው» ብሎ ደመደመ። ማንም አልጠየቃትም። ያልተጠየቁትን አለመመለስ ደግሞ ውሸት አይባልም ብላ ነበር። እስከ ዛሬ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ እትዬ ቁልፍ ከጠረጴዛቸው። «ተበላሸብሽ?»

«አይ፣ እትዬ። ተገኘ።»

«አውቄው ነበር እኮ። አንቺ ካለሽ አይጠፋም።»

ሰረዝ የኤዲተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታ «ሁሉም ቦታ ፈልግ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት አነሳች። ሦስት ሴኮንድ አልፈጀም። ዘለለች፤ ዝላዩ ትክክለኛው ቦታ አደረሳት። ተስተካከለ። ከአሁን ወዲያ ወደ አርባ ሰባቱ መስመሮች የሚወስድ ዝላይ የለም፤ መኖራቸውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ነገ በምሳ ሰዓት ሊቀመንበሩ መጠባበቂያውን ሲያድስ እነሱም ይጠፋሉ። እሷ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ዝም ማለት ብቻ።

ቤት ስትደርስ እናቷ የአንድ ደንበኛ ጃኬት ላይ ዚፕ እየሰፉ ነበር። ሰረዝ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቀጥታ ወደ ሳህኖቹ ሄደች።

የስፌት መኪናው ቆመ። «ምን ሰበርሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሰበረ ልጅ ሳይለመን ሳህን አያጥብም።»

ሰረዝ አንዱን ሳህን ለሁለተኛ ጊዜ አጠበች። «እማዬ፣ አንድ ሰው የሆነ ነገር ቢያበላሽ፣ ማንም ባያየው፣ በእሱ ምክንያት ደግሞ ሌላ ሰው…»

«ማነው ሰውየው?»

«አንድ ሰው ነው።»

«ይሄ አንድ ሰው ምሳውን በልቷል?»

«እማዬ!»

«ፊቱ የሆነ ነገር ሆኗል፣ ለዚያ ነው።» እናቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ዚፑን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ሳቡት። መኪናውንም መልሰው አስነሱ። ሰረዝ የተቀሩትን ሳህኖችም አጠበች፤ ንጹሖቹን ጨምሮ።

ጠዋት ጉንዳንን ቧንቧው ጋ አገኘቻት። የውሃ መያዣዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ጉንዳን አላየችውም።

«ፈሰሰብሽ።»

«ኧ?» ጉንዳን ቧንቧውን ዘጋች። ዓይኗ አብጧል። «ከክበቡ ለቀቅኩ። ደብዳቤ ጽፌ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት።»

«ምን አለሽ?»

«ቀን የለውም ብሎ መለሰልኝ።»

ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ አልሆነላቸውም።

«ታውቂያለሽ» አለች ጉንዳን፣ ክዳኑን እያጠበቀች፣ እየፈታች። «ሌሊት ሳስበው ምናልባት እኔ ነኝ። ሴቭ ሳላደርግ ቀርቼ ይሆናል። አራቱንም ቀን። ሊሆን ይችላል አይደል? ሰው ይዘነጋል።»

«አንቺ ሴቭ ሁለት ሁለቴ ነው የምትጫኚው።»

«እሱማ ነው። ግን በቃ፣ የለም። ስለዚህ አልሠራሁትም ማለት ነው።» ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ታምኚኛለሽ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ሰረዝ አፏን ከፈተች። የመጣላት ነገር ሁሉ «ምክንያቱም እኔ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ደወሉ ተደወለ፤ ሰረዝ ደወል በሕይወቷ እንደዚያ ወድዳ አታውቅም። ጉንዳን መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ ሰረዝ መፍትሔ አገኘች። እንዲያውም ጥሩ መፍትሔ። ሊቀመንበሩ ከመሰረዙ በፊት «የጉንዳን ሥራ እኮ መጠባበቂያው ውስጥ ነው ያለው» ትለዋለች። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ጉንዳን ትመለሳለች፣ ቅዳሜ ትሄዳለች። እንዴት እዚያ ሊገባ ቻለ ብሎ ማን ይጠይቃል? መምህሯ ቦርዱ ላይ ልብ ሲስሉ፣ እሷ ደብተሯ ላይ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን እየሳለች ውስጡን ደጋግማ አጠቆረችው። ወረቀቱ እስኪበሳ።

በምሳ ሰዓት ላብ ስትገባ ሊቀመንበሩ ተቀምጧል። መጠባበቂያው ተመርጧል፤ ስክሪኑ ላይ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ ወጥቷል።

«ቆይ!» አለች።

«ምን ሆንሽ? አስደነገጥሽኝ እኮ።»

«አትሰርዘው። የጉንዳን ሥራ እዚያ ውስጥ ነው።»

ከፍታ አሳየችው። አርባ ሰባቱን መስመር አስኬደችው። ስልሳ ሁለት ቀን አለ ስክሪኑ፤ የስፖርት መምህሩ መጽሐፉን ዛሬም አልመለሱም። ሊቀመንበሩ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ማስታወሻዎቹን አነበበ። ለመጀመሪያ ጊዜ አጀንዳ የጠፋበት ልጅ መሰለ።

«ኧረ…» አለ። «ሠርታዋለች እኮ።»

«ሠርታዋለች።»

«እና እዚህ ምን ያደርጋል?» መልስ አልጠበቀም፤ ሊቀመንበር ስለሆነ መልሱን ራሱ አገኘው። «ገባኝ። የተሳሳተ ፎልደር ውስጥ ስትጽፍ ከርማለች! ዋሾ አይደለችም ማለት ነው፤ ዝንጉ ናት። ይሄ በብዙ ይሻላል። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ይሰፍራል። ጉንዳን ባለማስተዋል ሥራዋን ባልሆነ ቦታ በማስቀመጧ… ጥሩ አይደለም?»

ጥሩ ነበር። ሰረዝ ያዘጋጀችው ውሸት እንኳ አላስፈለጋትም፤ እሱ ሰፍቶ፣ ተኩሶ አቀረበላት። እሷ ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው የሚቀራት። ነገ ጉንዳን መጥታ አንገቷን ደፍታ «አዎ፣ ሳላስተውል ነው» ትላለች፤ ታምንበትማለች። ከዚያ በኋላ ሴቭን ሦስት ሦስቴ ትጫናለች።

«ሰረዝ? ባለማስተዋል ልበለው ወይስ በመዘንጋት?»

«ሁለቱንም እንዳትጽፍ» አለች። «ትንሽ ጠብቀኝ።»

ወደ በሩ ሄደች። እትዬ ቁልፍ ቁልፎቻቸውን እየቆጠሩ ነበር። የዛሬውን ገጽ ገልጠው እስክሪብቶ አቀበሏት። «ስትገቢ አልጻፍሽም፤ አይቼሻለሁ።»

«የዛሬውን ገጽ አይደለም የምፈልገው፣ እትዬ።»

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠችው። ረቡዕ። ማክሰኞ። የጉንዳን ስም፣ በትንንሽ ፊደል፣ አራት ቦታ፦ ማሽን ስምንት፣ የዘገየ ቀን ማስሊያ። ማሽን ስምንት፣ የዘገየ ቀን ማስሊያ። አርብ ዕለት ላይ ስትደርስ ቆመች። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው፦ ማሽን አራት፣ ፕሪንተር ማስተካከል። ከጎኑ ባዶው ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም።

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አላየችውም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ከ«ማስተካከል» በኋላ ያለውን አራት ነጥብ ወደ ነጠላ ሰረዝ ቀየረችና «በተሰጠኝ የይለፍ ቃል ያለፈቃድ» ብላ ጀመረች። ቦታው አልበቃትም፤ ጽሑፉ መስመሩን አልፎ ወደ ኅዳጉ ወጣ፣ ከዚያም ወደ ታች ታጠፈ።

«ምንድነው የምትጽፊው እንደዚህ?» እትዬ ቁልፍ መነፅራቸውን ፍለጋ ደረታቸውን ዳበሱ። ኪሳቸውን ዳበሱ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አነሱ፣ ጣሉ። ቁልፎቹ ተንኳኩ። «ያለ እሱ እኮ አንድ ፊደል አይታየኝም።»

ሰረዝ ቀና አለች።

«ግንባርዎ ላይ ነው፣ እትዬ» አለቻቸው፤ መጻፏንም ቀጠለች።